ጣና ሰርጓጅ መርከብ አያሻውም፤ የሰርጓጅ መርከብ ጤና ባለሙያ ግን ያሻዋል

የባሕር ኃይል እንደገና እንደሚቋቋም በ2010 ዓ.ም. ከተነገረና በኋላም ባሕር ዳር መቀመጫው ትሆናለች ተብሎ ከተዘገበ ወዲህ፣ ስለ መርከብ የማያወራ የለም። ቀልደኛው ሰርጓጅ መርከብም ይጨምርበታል። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰርጓጁ ጀርባው ሳይርስ ሆዱ ደለል ይነካል።

ቀልዱ ይቆየንና ከሰርጓጅ መርከብ የምንማረው ቁም ነገር አለ። የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ከመቶ በላይ ሰው ጭነው ለወራት ሲጠፉ፣ በአብዛኞቹ ላይ ዶክተር የለም። ያለው ብቻውን እንዲሠራ የሠለጠነ አንድ የጤና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሲድራገን በተባለችው ሰርጓጅ ላይ ዊለር ላይፕስ የተባለ ወጣት፣ ሐኪም ሳይሆን፣ ቁስሉን በታጠፈ ማንኪያ ከፍቶ ይዞ የባልደረባውን ትርፍ አንጀት አወጣ። በሽተኛው ድኖ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ትምህርቱ "ማንም በማንኪያ ይቅደድ" አይደለም። ሆስፒታል በማይደረስበት ቦታ ዕውቀቱ አስቀድሞ ከሰዉ ጋር ይሳፈር ነው።

አሁን ወደ ደቅ ደሴት እንምጣ። ምጥ የጠናባት እናት ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለመድረስ በጀልባ ሰዓታት ያስፈልጋታል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከተነሣ ደግሞ ማዕበሉ መንገድ ይዘጋል። ደም እየፈሰሳት ላለች ሴት ደቅ ከሰርጓጅ መርከብ በምን ይለያል?

"ዶክተር ያልሆነ ሰው እንዴት ይታመናል?" የሚል አይጠፋም። ኢትዮጵያ ራሷ መልሳዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በሁለተኛ ዲግሪ አሠልጥና በቀዶ ሕክምና እንዲያዋልዱ አድርጋለች። ሐሳቡ የእኛም ነው፤ የቀረው ሐይቁን መሻገር ነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በባቦጋያው የማሪታይም ተቋሙ ለውቅያኖስ መርከቦች መሐንዲስ ሲያሠለጥን ኖሯል። የሕክምና ኮሌጅም፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም አለው። ለሩቅ ባሕር ሰው ያዘጋጀ ተቋም፣ በደጁ ላለው ሐይቅ ማዘጋጀት እንዴት ያቅተዋል?

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ደም መፍሰስን አቁሞ እናትን እስከ ሆስፒታል በሕይወት ማቆየት የሚችሉ፣ በደሴት ለመሥራት ተለይተው የሠለጠኑና ተገቢ አበል ያላቸው አዋላጅና ጤና መኮንን፤ ሌሊትም የሚያነሣ ተረኛ ሐኪም ያለበት ስልክ፤ ለስብሰባና ለእንግዳ የማይዞር፣ ነዳጁ የተቆለፈ አንድ ሞተር ጀልባ። የክልሉ ጤና ቢሮ ይህን ለማድረግ ቀይ ባሕርን መጠበቅ የለበትም።

የባሕር በር ክርክሩ ይቀጥል። ጣና ላይ ግን ባሕሩ አለ፣ ሰዉም አለ፤ የጎደለው አብሮት የሚሳፈር ባለሙያ ነው።