«በዚያች ሌሊት ከዚያ አልነበርኩም» ስለሚለው ክርክር

አስገድዶ መድፈር እንደ ድንበር ጠብ በመንደር ሁሉ ፊት የሚፈጸም በደል ስላልሆነ፣ ነገሩ ወደ ችሎት በደረሰ ጊዜ በዳኛው እጅ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ የአንዲት ተበዳይ ቃልና «በዚያች ሌሊት ከዚያ አልነበርኩም» የሚል የተከሳሽ መልስ ነው። ሕግ ዐዋቂዎች አሊባይ የሚሉት ይህ መከላከያ እውነት በሆነ ጊዜ ክሱን ከሥሩ ይነቅላል፤ ሐሰት በሆነ ጊዜ ደግሞ ሁለት ወዳጆችን አስምሎ ማቆም ብቻ ይበቃዋል።

እስቲ በችሎት የሚሰማውን ልብ እንበል። የክሱ ማመልከቻ «በግምት ከምሽቱ 1 ሰዓት» ይላል፤ ተበዳይዋ «ከብት ሲገባ» ትላለች፤ የመከላከያው ምስክር «የሚካኤል ዕለት ከእኔ ጋር ማኅበር ላይ ነበር» ብሎ ይምላል። ሚካኤል በየወሩ በ12 ቀን ስለሚውል የየትኛው ወር ሚካኤል እንደ ሆነ፣ ሰውየው በማን አጠገብ ተቀምጦ ጠላውን እንደ ጠጣ፣ ስንት ሰዓት ተነሥቶ እንደ ሄደ፣ ከማኅበሩ ቤት በደሉ እስከ ተፈጸመበት ስፍራ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ካልተጠየቀ፣ ምስክሩ ተሰማ ማለት ስሙ ተመዘገበ ከማለት አያልፍም። የስልክ መዝገብ እንኳ ቢቀርብ የሚመሰክረው ስልኩ የነበረበትን ነው እንጂ ሰውየው የነበረበትን አይደለም። ነቢዩ ዳንኤል በሶስና ላይ የመሰከሩትን ሁለት ሽማግሎች ለያይቶ፣ ከምን ዛፍ ሥር እንዳዩአት ለየብቻ በጠየቃቸው ጊዜ፣ አንዱ የአንዱን ዛፍ ሌላው የሌላውን ስም ስለ ጠሩ፣ ንጽሕት ሴት ከሞት የዳነችው በዚህች በጥቂቷ ጥያቄ ነው።

ከዚህ ላይ የሚያሳዝነን በሁለት ወገን የሚታየው ስንፍና ነው። «ምስክሮቹ ዘመዶቹ ናቸው» ተብሎ መከላከያው ሳይመረመር ይጣላል፤ ነገር ግን ሰው በሌሊት ከዘመዱ በቀር ከማን ጋር ሊያድር ኖሯል? ደግሞም ተከሳሹ ያቀረበው መከላከያ ፈረሰ ማለት ክሱ ቆመ ማለት አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓልና፣ ንጹሕ ሰውም ከፍርሃት የተነሣ ሊዋሽ ይችላልና።

በተበዳይዋ ላይ የሚደርሰው ግን ከዚህ የከፋ ነው። በአርሲ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ፖሊስ ካስጣላት በኋላ ያው ሰው በዋስ ወጥቶ ዳግመኛ ጠለፋት፤ አንድ ወር ያህልም ደብቆ በጋብቻ ውል ላይ አስፈረማት። የወረዳው ፍርድ ቤት በ1995 ዓ.ም. 10 ዓመት እስራት ቢፈርድበትም፣ ይግባኝ የሰማው ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. «በፈቃዷ ይመስላል» ብሎ አሰናበተው። ነገሩ በኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና በአጋሩ አማካይነት ወደ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ደርሶ፣ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፍላት ተወሰነ። ሁለት ጊዜ የተጠለፈችን ሕፃን ፈቃደኛ ያሰኘ ሚዛን ምን ዓይነት ሚዛን ነው! ለምን አልጮኸችም፣ ገላዋ ለምን አልቆሰለም፣ ድንግል ነበረችን የሚሉት ጥያቄዎች ዛሬም ከየችሎቱ አልጠፉም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 620 በብርቱ ዛቻ የተደረገውን፣ መከላከል እንዳትችል ተደርጋ የተደፈረችውንም ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚያስቀጣው በዚሁ ወንጀል ሥር አስቀምጦ ሳለ ማለት ነው።

ስለዚህ ይህ ጋዜጣ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። ተከሳሽ ሌላ ስፍራ ነበርኩ የሚል ከሆነ፣ መከላከያ የሚሰማበት ቀን ሳይጠበቅ ስፍራውንና አብረውት የነበሩትን ሰዎች አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ፖሊስም ትዝታው ሳይበርድ ሄዶ ያጣራ። ተበዳይዋ ቀኑን ብትስት፣ ይልቁንም ሕፃን ብትሆን፣ የሳተችው ቀኑን ነው ወይስ ሰውየውን ተብሎ ይለይ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 149፣ ፍርድ ማስረጃው የታመነበትን ወይም የተጣለበትን ምክንያት መግለጽ እንዳለበት አዝዟልና፣ «የመከላከያ ምስክሮች አላሳመኑንም» ወይም «የተበዳይዋ ቃል አያስተማምንም» በሚል አንድ መስመር ብቻ ያለቀ ፍርድ በይግባኝ በቀረበ ጊዜ፣ የፈረደው ለማንም ቢሆን፣ የበላዩ ፍርድ ቤት ምክንያቱ ተጽፎ እንዲመጣ ወደ ጻፈው ዳኛ ይመልሰው።