ከፔዳ እስከ ፖሊ የማይቋረጥ የሳይክል መንገድ ይሠራልን

ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ክቡራን፣

ለሁለታችሁም በአንድ ወረቀት የጻፍኩት ጉዳዩ ተከፍሎ የሚታይ ስላልሆነ ነው። ከአጥሩ ውስጥ ያለው መንገድ የዩኒቨርሲቲው፣ ከአጥሩ ውጪ ያለው የከተማው ነው። በሳይክል የሚመላለሰው ሰው ግን ያው አንድ ሰው ነው፤ አደጋም የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ኃላፊነት አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው።

እኔ መምህር ነኝ። የምኖረው አባይ ማዶ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፔዳ ክፍል አለኝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፖሊ አስተምራለሁ። እንዲህ መመላለስ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይህን ሁሉ የምመላለሰው በሳይክል ነው።

በመጀመሪያ የተሠራውን ላመስግን። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ሕይወቴን ቀይሮታል ብል ማጋነን አይደለም። በአሮጌው ድልድይ ላይ ከኋላዬ ተሳቢ ሲመጣ የማደርገው ጠፍቶኝ እጄ መሪው ላይ ይደርቅ ነበር። አዲሱ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ለመኪና በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር፣ ለእግረኛና ለሳይክልም የየራሳቸው ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ጠዋት ጠዋት እዚያ ላይ ስደርስ ወንዙን ቀና ብዬ አያለሁ። ሳይክል የሚነዳ ሰው ከመንገዱ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ወንዝ ማየት መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ድልድዩ ሲያልቅ ግን እንደገና ትከሻዬ ይጠብቃል። መስመር ባለበት ባጃጅ ቆሞ ሰው ይጭንበታል፤ መስመር በሌለበት ደግሞ ከሚኒባስና ከአይሱዙ ጋር እየተጋፋሁ ነው። ወደ ግቢው በተጠጋሁ ቁጥር ይብሳል፤ ተማሪው፣ ሰርቪሱ፣ ባጃጁ፣ ሙዝና ቆሎ ሻጩ ሁሉ በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ ይገናኛሉ።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አለችኝ። እኔ በምመጣበት መንገድ ትመጣለች፤ ጎበዝ ነጂ ናት። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ትወርዳለች። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርግና ሳይክሉን እየገፋች በእግረኛው መንገድ እስከ በሩ ትሄዳለች። አንድ ቀን እኔም ወርጄ አብሬያት እየገፋሁ ለምን እንደማትነዳ ጠየቅኋት። «መምህር፣ እናቴ ሳይክሉን የገዛችልኝ ከዚህች ጋ ጀምሬ ወርጄ እንድገፋ አስምላ ነው» አለችኝ። እናትየው መሐንዲስ አይደሉም። መንገዱ የት ላይ እንደሚያስፈራ ግን በትክክል አውቀዋል።

ፖሊና ፔዳ የሚሉት ስሞች ከየት እንደመጡ ታውቃላችሁ፤ ለጥያቄዬ ስለሚያስፈልገኝ ግን ላንሣው። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ተቋም ነው። ፔዳ ደግሞ በ1960ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ ኋላ የመምህራን ኮሌጅ የሆነው። እነዚህ ሁለቱ ተጣምረው ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. በይፋ ተመረቀ። ማኅተሙ አንድ ሆነ፣ ሬጅስትራሩ አንድ ሆነ፣ ተማሪውም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተባለ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን ዛሬም ሁለት የማይተዋወቁ ተቋማት እንዳሉበት ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ርቀቱ በሳይክል ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ይህንን ርቀት የዩኒቨርሲቲው የውስጥ መንገድ ያህል ጸጥተኛ ማድረግ ይቻላል፤ ዋናው ጥያቄዬም ይኸው ነው፤ ከፔዳ በር እስከ ፖሊ በር የትም ቦታ ላይ የማይቋረጥ አንድ የሳይክል መንገድ።

«የማይቋረጥ» የምለውን ቃል አጥብቄ የያዝኩት በምክንያት ነው። በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ የከተማችን ሥራ አካል መሆኑ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ሜዳው ላይ ሰፊ መስመር ተሠርቶ አደባባዩ ጋ ሲደርስ ከጠፋ፣ ሰዉ በሜዳውም ላይ አይነዳም። የተማሪዬ እናት ያስማሏት ስለ ሜዳው አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ አጭር ከሆነ ከአደባባዩ፣ ከመታጠፊያውና ከግቢው በር ይጀመር፤ ሜዳው ይቆይ። በመታጠፊያዎቹ ላይ የሳይክሉ መሻገሪያ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ቢሠራ ባጃጁ ሳይወድ በግዱ ይቀዘቅዛል። ከመኪናው የሚለየውም ቀለም ብቻ አይሁን፤ ቀለም በአንድ ክረምት ይታጠባል፣ ባጃጅም አያቆምም። የድንጋይ ጠርዝ ይሁንልን። ስፋቱም ጓደኛውን አፈናጦ የሚሄደውን ተማሪ የቸኮለው ሳይነካካ የሚያልፍበት ሁለት ሜትር ቢሆን ይበቃል።

በበሩ ላይ ፍተሻ መኖሩ ይገባኛል፤ ይቅር አልልም። የምጠይቀው ለሳይክል ብቻ የሚሆን ጠባብ መግቢያ እንዲኖርና የባጃጅ መጫኛው ከበሩ 50 ሜትር ያህል ራቅ እንዲል ነው። 50 ሜትር ለባጃጅ ምንም አይደለም።

አሁን ስለ ቱቦ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት፣ ክዳኑ በሌለ የጎርፍ ቱቦ ውስጥ የፊት ጎማዬ ገባ። የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ፤ ላርማቸው የያዝኳቸው የተማሪዎች የፈተና ወረቀቶች ጭቃ ውስጥ ተበተኑ። ቦታውንም፣ የማን ሥራ እንደነበረም እዚህ ማንሣት አልፈልግም፤ እጄ ድኗል፣ ነገሩም አልፏል። የሚያሳስበኝ ዛሬ ማታ በዚያው ዓይነት ቱቦ አጠገብ የሚያልፈው ልጅ ነው። ክዳን ኖሮም ቢሆን ሌላ አደጋ አለ። የብረት ፍርግርጉ ክፍተቶች ወደ መንገዱ አቅጣጫ ከተዘረጉ ቀጭን ጎማ ይገባባቸዋል፤ አግድም ከተቀመጡ ግን ሳይክሉ ከላያቸው ያልፋል። ይህን ለማስተካከል አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ ብዙ ቦታ ላይ ፍርግርጉን አንሥቶ አዙሮ መመለስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንድታማክሩልኝ እለምናችኋለሁ፤ ጎሚስታውን። እኔ የምሄድበት ጎሚስታ ጥላ ሥር ተቀምጦ ካላማዳሪያውን ውኃ በሞላ ሳህን ውስጥ እየነከረ አረፋው የሚወጣበትን ይፈልጋል። ከጎማ የሚያወጣውን ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪና እሾህ አይጥለውም፤ ሌላ ሰው እንዳይወጋ ብሎ በአንድ የቲማቲም ቆርቆሮ ያጠራቅመዋል። ጠርሙስ ከሆነ ሰውየው በየት በኩል እንደመጣ ሳይጠይቅ ይነግረዋል። የጎማው ጠርዝ የተጎረደ እንደሆነ የትኛው ኮብልስቶን እንደተነቀለ ያውቃል። የዚህች ከተማ የሳይክል መንገድ ጥናት ግማሹ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ጥናት የሚያጠኑት ባለሙያዎች አንድ ጠዋት እንኳ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ቢቀመጡ ብዙ ይጠቀማሉ።

ባሕር ዳር ለሳይክል የተመቸች ከተማ መሆኗን መቼም አልነግራችሁም። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሜዳማ፣ መንገዶቿ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፕላን ሰፋ ብለው የተቀየሱ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ፈረቃ ሲለዋወጡ በሳይክል ይመላለሱ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ያወራሉ። ነዳጅ በሚጠፋባቸው ቀናት ባጃጆቹ ማደያ ላይ ሲሰለፉ ክፍሌ ውስጥ በሰዓቱ ተቀምጠው የማገኛቸው በሳይክልና በእግር የመጡት ናቸው። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም በ2012 ዓ.ም. የሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የ10 ዓመት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል፤ ስለዚህ የምጠይቀው ከመንግሥት ሐሳብ ውጪ የሆነ ነገር አይደለም።

ስለ ጥላም አንድ ነገር ልበል። ዘንባባዎቻችን ውብ ናቸው፤ አይነኩ። ነገር ግን በሚያዝያ ፀሐይ ስድስት ሰዓት ላይ ከፔዳ ወደ ፖሊ የሚነዳን ሰው ዘንባባ አያስጠልለውም። በሳይክሉ መስመር ዳር ቅጠላቸው የሚሰፋ ዛፎች ቢተከሉ ዛሬ አንደኛ ዓመት የሚገባው ተማሪ ባይደርስበት ታናሹ ይደርስበታል።

በግቢው ውስጥ ደግሞ ሳይክል የሚታሰርበት ቦታ ሰው በሚበዛበት፣ ጥበቃ በሚያየው ቦታ ይሁን። አንድ ተማሪዬ አንድ ሕንፃ ደጃፍ ላይ አስሮ ፈተና ገባ፤ ሲወጣ የጠበቀው የተቆረጠው ሰንሰለት ብቻ ነበር። ያንን ሴሚስተር በእግሩ ጨረሰው። የሳይክል ዋጋ ከተማሪ አቅም በላይ እየሆነ በመጣበት ጊዜ ለተበላሹ ሳይክሎች መጠገኛ የሚሆን አንድ ክፍል ፖሊ ውስጥ ቢሰጥ፣ የሜካኒካል ተማሪዎቻችን ጠግነው ለአቅመ ደካማ ተማሪዎች በውሰት የሚሰጡበት መንገድ ይፈጠራል። የሚሠሩት ልጆች እንደማይጠፉ ከወዲሁ እነግራችኋለሁ፤ ጠይቄያቸዋለሁ።

ሁሉም ባንድ ጊዜ እንደማይሆን አውቃለሁ። የድንጋይ ጠርዙ ጨረታ ይፈልጋል፤ መሻገሪያው ንድፍ ይፈልጋል። ቱቦዎቹ ግን ክረምቱ ሳይገባ ሊከደኑ ይችላሉ፤ ጎርፍ ሲሸፍናቸው ቱቦና አስፋልት አይለይም። ለዚህ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ቆጠራ ነው፤ ቆጠራውን እኛ እንሠራዋለን። ጎሚስታው፣ ያች ተማሪዬና ሌሎች ሰባት ፈቃደኞች ነን። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምረን ከድልድዩ እስከ ፔዳ፣ ከፔዳ እስከ ፖሊ በእግራችን እየሄድን የተከፈተውን ቱቦ፣ የተገለበጠውን ፍርግርግና መብራት የሌለበትን ምሰሶ እንጽፋለን። ዝርዝሩ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ በሁለት ኮፒ አዘጋጅቼ በሁለቱም መዝገብ ቤቶች ራሴ ገቢ አደርጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አባይ ማዶ ነዋሪ የሆነ አንድ መምህር