ከዳር የተቀመጠው ልጅ



ባለፈው ወር እዚህ ሽንሌ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ከትምህርት በኋላ ወደ እኔ ቀርቦ፣ «ማዓሊን፣ ከእንግዲህ ወደ ሜዳ አልመጣም» አለኝ። ማዓሊን በሶማልኛ መምህር ማለት ነው። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ከዳር ተቀምጬ የሌሎችን ጫማ ጠበቅሁ። ጫማ ከምጠብቅ የአባቴን ፍየሎች ብጠብቅ ይሻላል» ሲል መለሰልኝ። እውነቱን ለመናገር ልጁ ሩጫው ዘገምተኛ፣ ምቱም ደካማ ነው። የኳስ ቡድኑ ኃላፊ እኔው ነኝና የምመልስለት ቢጠፋኝ፣ «እስከ ሰኞ አስብበት» ብዬ አሰናበትሁት። ማሰብ የነበረብኝ ግን እኔ ነበርሁ።

በአገራችን የቆየው ልማድ የታወቀ ነው። ጥሩ የተጫወተ ጥሩ ያሠለጥናል እንላለን። ለዚህም ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው መንግሥቱ ወርቁን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ፣ ማለት ግብፅን፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አራተኛዋን ጎል ያገባው እርሱ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም.፣ ይኸው ሰው አሠልጣኝ ሆኖ ቡድናችንን ሊቢያ ወደ ተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ መራ።

እዚያ የሆነውን ልብ በሉልኝ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ከአልጄሪያ ጋር ባዶ ለባዶ ተለያየን። ያ ታላቅ ጎል አግቢ የመራው ቡድን አንዲት ጎል እንኳ ሳያገባ ተመለሰ። ይህን የምጽፈው መንግሥቱን ለመንቀፍ አይደለም። ያን ጊዜ ከእኛ ጋር ባዶ ለባዶ የወጣችው አልጄሪያ በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋለች። ደግሞም ከዚያ ወዲያ ለአፍሪካ ዋንጫ የደረስነው ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ነው። እንግዲያስ መድረሱ ራሱ ቀላል ሥራ አልነበረም። ነገር ግን አሠልጣኝ እግሩን ለሌላ ሰው ማበደር አይችልም። መጫወትና መምራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

ሁለት ሙያዎች ከሆኑ ደግሞ በመጀመሪያው ያልሆነለት በሁለተኛው ሊሆንለት ይችላል። ለዚህ የማውቀው ምስክር ከአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ ዋናው ሰው ኳስ ወርዋሪው ነው፤ ድሉም ሽንፈቱም በስሙ ይጻፋል። እርሱ ሲደክም ወይም ሲመታበት ከዳር ተቀምጦ የሚጠብቅ ሌላ ወርዋሪ ይገባል። ቶሚ ላሶርዳ ከእነዚህ ተጠባባቂዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1956 በከፍተኛው ደረጃ ከብሩክሊንና ከካንሳስ ሲቲ ቡድኖች ጋር በ26 ጨዋታዎች ብቻ ወረወረ። አራት ሽንፈት በስሙ ተጻፈ፤ ድል ግን አንድም አልተጻፈለትም። በ1955 ሳንዲ ኩፋክስ ለተባለ የ19 ዓመት ወጣት ቦታ መልቀቅ ስላስፈለገ፣ ላሶርዳ ሞንትሪያል ወደሚገኘው የታችኛው ቡድን ወረደ። ኩፋክስ በኋላ ከጨዋታው ታላላቆች አንዱ ሆነ።

ላሶርዳ ግን ፍየል ልጠብቅ ብሎ አልሄደም። መጫወቱ ሲያበቃ ለድርጅቱ አዳዲስ ልጆችን መፈለግ ጀመረ። ከ1965 አንሥቶ የታችኞቹን ቡድኖች አሠለጠነ። በ1976 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስን ተረክቦ እስከ 1996 ድረስ መራ። 1,599 ጨዋታዎችን አሸነፈ፤ የአገሩን ታላቅ ዋንጫ በ1981 እና በ1988 ወሰደ። በ2000 ደግሞ የአሜሪካን ቡድን መርቶ በሲድኒ ኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ።

ከዳር መቀመጥ ብቻውን አሠልጣኝ ያደርጋል ማለቴ አይደለም። እንዲያማ ቢሆን ተመልካች ሁሉ አሠልጣኝ በሆነ ነበር! ላሶርዳ ታላቁን ቡድን ከመረከቡ በፊት ዓመታት ተምሯል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና። ነገር ግን ከዳር የተቀመጠ ሰው ሜዳውን ሙሉ ያያል፤ ያልሆነለትን ሰው ስሜትም ያውቃል። ይህ ለመምራት ጥሩ ስንቅ ይመስለኛል።

ይህን ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርሁ። ድሬዳዋ ላይ በተጫወትንበት ቀን ያ ልጅ በዕረፍቱ ሰዓት ኮቴን ጎተት አድርጎ፣ «የእነርሱ ግራ ተከላካይ ወደ ፊት ከሄደ ቶሎ አይመለስም፤ ኳሱ ከኋላው ይላክ» ብሎኝ ነበር። እኔም «ዝም ብለህ ተቀመጥ!» አልሁት። ተሸንፈን ተመለስን። ልጁ ያየውን እኔ አላየሁም ነበር።

ሰኞ ዕለት አንድ ደብተር ሰጥቼው፣ «ማን መቼ እንደሚደክም፣ ኳሱም በየት በኩል እንደሚያልፍ ጻፍልኝ። ተጫዋች ከመቀየሬ በፊት አንተን እጠይቃለሁ» አልሁት። ፊቴን አትኩሮ ተመለከተና፣ «ብሳሳትስ?» አለኝ። «እኔም እየተሳሳትሁ ነው የምማረው» ስለው ደብተሩን ተቀበለ።

ቡድናችን ገና ዋንጫ አልወሰደም፤ ይወስዳልም ብዬ ቃል አልገባም። ልጁ ግን በየጨዋታው ይገኛል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ማዓሊን በጣም ይጮኻሉ፤ ስለዚህ ልጆቹ አይሰሟቸውም።»

አንባቢ ሆይ፣ አንተም በመሥሪያ ቤትህም ሆነ በቤትህ ከዳር ያስቀመጥኸው ሰው ካለ፣ ተነሥቶ ከመሄዱ በፊት ምን እንዳየ ጠይቀው።