የትምህርት ቤት በርና የፖሊስ ሥራ

ልጅን ለትምህርት መስጠት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ አደራ መስጠት ነው። በቢቸና አጠገብ ባለችው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ይማርልኝ ብሎ ልጁን የሚሰድ አባት፥ በደብሩ ዙሪያ ዘበኛ ይቁም አይቁም ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ የሚጠይቀው የኔታ ማን እንደ ሆኑና ጠባያቸው እንዴት እንደ ሆነ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ የሚመክትበትን በትር ይዞ ከመንደር መንደር ሲዞር፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሰማው ባላገር እንደ ልጁ ይቈጥረው ነበርና ጠባቂው እርሱ ነው። ይህን ስንል የቀድሞው ሁሉ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። የኰበለለ ተማሪ ተይዞ በተመለሰ ጊዜ እግር ብረት ይገባበት እንደ ነበረ፥ የአለንጋውም ነገር እንዴት እንደ ነበረ፥ በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጅ በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ እንዲሆን አዝዞአል፤ መልካምም አድርጎአል።

አሁን ግን የወላጆች ጥያቄ ሌላ ነው። ሁከት በበዛ ቍጥር «በየትምህርት ቤቱ ፖሊስ ይቁምልን» የሚል ድምፅ ይሰማል። አሳቡ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን ፖሊስ ይቁም ከማለት አስቀድሞ፥ የት ይቁም? ምንስ ይሥራ? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህን ለመመለስ ልጁን በእውነት የሚያገኘው አደጋ የት እንዳለ እንመልከት። ቢቸናና ሞጣ በቀድሞው አስተዳደር በጎጃም ጠቅላይ ግዛት የአውራጃ ከተሞች ነበሩ፤ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው ከገጠር የሚመጣው ልጅ ብዙ ነው። ከፊሉ ሲነጋ ተነሥቶ በእግሩ ይመላለሳል፤ ከፊሉ ደግሞ በከተማው ጠባብ ክፍል ከጓደኞቹ ጋራ ተከራይቶ፥ በገበያ ቀን ከቤት የሚመጣለትን እንጀራና ሽሮ እየጠበቀ ይኖራል። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ከጮቄ የሚወርደው ውሃ ገና አልጐደለም። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ከውሃው የሚብስ ነገር በመንገድ ይጠብቃታል፤ ይኸውም ጠለፋ ነው። እንግዲህ አደጋው የሚበዛው ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በር ባለው መንገድና ማንም በማይጠብቀው የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፊደል የሚቈጥረውን ልጅ ለመጠበቅ ጠመንጃ የያዘ ሰው በመስኮቱ ሥር ማቆም፥ ሌባው በጓሮ ሲገባ ደጃፉን እንደ መዝጋት ያለ ነው።

ስለ ጠለፋ ጥቂት እንጨምር፤ ምክንያቱም ብዙ አባወራ ነገሩን አሁንም የሽማግሌ ጉዳይ አድርጎ ይቈጥረዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሴትን ለጋብቻ ብሎ የጠለፈውን ሰው ከ3 ዓመት እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎአል። ስለዚህ ልጂቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብትጠለፍ፥ ሽማግሌ ተሰብስቦ ካሣ እስኪቈርጥ ሳይጠበቅ፥ በዚያው ሰዓት ለፖሊስ መንገር የአባትም የመምህርም ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ፖሊስ ያስፈልጋል፤ ፈጥኖም መድረስ ይገባዋል። በገበያ ቀን በጐዳናው፥ ትምህርት በሚለቀቅበት ሰዓት በወንዙ መሻገሪያ ቢታይ ማንም አይቃወመውም።

በግቢው ውስጥ ግን ሌላ ሕግ አለ። ሁለት ልጆች ተደባደቡ፥ አንዱ የሌላውን ደብተር ሰረቀ፥ አንዱ መምህሩን ሰደበ ተብሎ ፖሊስ የሚጠራ ከሆነ፥ የመምህሩ ሥልጣን በዚያው ቀን አለቀ። ሕጉስ ምን ይላል? ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት ለአዋቂ የተመደበው ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞችም ጋራ አይታሰርም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በ172ኛው አንቀጽ እንዲህ ያለው ልጅ ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲወሰድ ያዝዛል፤ ነገሩም በዳኛው ጽሕፈት ቤት በዝግ ይሰማል። መዝገብ በሚያገላብጥ ሰው ዘንድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ልጅ በፖሊስ ጣቢያ እንዳያድር አስበውበታል፤ አንድ ሌሊት ከሌባና ከሰካራም ጋራ ያደረ ልጅ በመንደሩ ስም ይወጣለታልና። ስሙም ከደብተሩ ይልቅ ዕድሜ አለው።

የፖሊስ ሥራ ይህ እንዳልነበረ ታሪኩም ያስረዳል። በአዲስ አበባ ቀድሞ የአራዳ ዘበኛ የሚባለው ነበረ፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣው በ6ኛው ቍጥር አዋጅ የኢትዮጵያ ፖሊስ ሲቋቋም ሥራው ወንጀልን መከልከልና ጸጥታን መጠበቅ እንጂ ተማሪን መግራት አልነበረም። የታጠቀ ኀይል በትምህርት ግቢ በገባባቸው ጊዜያት ደግሞ የሆነውን ብዙዎች በዓይናቸው አይተዋል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው በተገደለ ማግስት፥ ክቡር ዘበኛ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማሪ ደም ፈሰሰ። በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣልን የሚል ነበረ። ሚያዝያ 3 ቀን ፖሊስ ገብቶ ብዙዎች ቈሰሉ፤ በሳምንቱም ሁከቱ ወደ ከተማው ተዛምቶ ከ30 የሚበልጥ ሰው ሞተ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከተማሪ ተጣልቶ ሰው በሞተ ጊዜ የፌዴራል ፖሊስ በግቢዎቹ ተመደበ፤ ያን ጊዜ ወላጆች ራሳቸው ይግባ ብለዋል፥ አልተሳሳቱምም፥ ሰው እየሞተ ነበርና። እንግዲህ ፖሊስ ፈጽሞ አይግባ የሚል ሰው ያንን ዓመት ያስታውስ። ጠብ በነደደ ጊዜ ለማብረድ ገብቶ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ በየዕለቱ በክፍሉ ደጃፍ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

ጠመንጃ በግቢው መኖሩ ብቻ ልጅን እንደማያድን ለማወቅ የሚሻ ደግሞ ወደ አሜሪካ አገር ይመልከት። በቴክሳስ፥ በዩቫልዲ ከተማ፥ የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር የራሱ ፖሊስ ነበረው። ግንቦት 16 ቀን 2014 ዓ.ም. አንድ ታጣቂ ወጣት ገብቶ 19 ልጆችና 2 መምህራን ገደለ። በቦታው 376 የሕግ አስከባሪዎች ተሰብስበው ሳሉ ገዳዩ ያለበት ክፍል እስኪደፈር 77 ደቂቃ አለፈ።

የእኛ አገር ነገር ከዚህ ይለያል፤ በአንድ በኩልም ይከፋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በሺህ የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ቢቸናና ሞጣ ያሉበት ምሥራቅ ጎጃምም ውጊያው ካገኛቸው አገሮች አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ በትምህርት ቤት በር የሚቆም የታጠቀ ሰው፥ የማንኛውም ወገን ቢሆን፥ ትምህርት ቤቱን የውጊያ ዒላማ ያደርገዋል። በግንቦት 2007 ዓ.ም. በኖርዌይ ከተማ በኦስሎ ብዙ መንግሥታት የተስማሙበት የትምህርት ቤቶች ደኅንነት መግለጫ አለ። ከእርሱ ጋራ ያለው መመሪያ፥ ሌላ መንገድ ከጠፋ በቀር የሚዋጉ ወገኖች ወታደሮች ለትምህርት ቤት ጥበቃ አይመደቡ፤ ከተቻለም የሠለጠኑ ሲቪል ሰዎች ይጠብቁት ይላል። አሳቡ ከውጭ ስለ መጣ ባዕድ አይምሰለን። ባላገሩ ጠብመንጃውን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ አስቀምጦ የሚገባው ለምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው፥ ይህንም ያውቀዋል።

በሞጣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. መስጊዶችና የንግድ ቤቶች በተቃጠሉ ጊዜ፥ ከተማውን ማረጋጋትና አጥፊውን መያዝ የጸጥታ ኀይል ሥራ ነበረ። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ልጅ እንደ ገና በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ግን በመካከላቸው የሚቆመው መምህሩ ብቻ ነው። ለእርሱ የሚሆን ሌላ ሹም የለም።

እንግዲህ በየቤቱ ያለው አባትና እናት ምን ያድርግ? ልጁን ሲያስመዘግብ ርእሰ መምህሩን እነዚህን ይጠይቅ። ፖሊስ የሚጠራው ለምን ለምን ጥፋት ነው? የሚጠራውስ ማን ነው? ፖሊስ ልጄን ሊጠይቀው ቢፈልግ እኔ ሳልደርስ እንዳይጀምር ታደርጋላችሁን? ተኩስ ቢሰማ ልጆቹ በክፍል ይቀራሉ ወይስ ወደ ቤት ይለቀቃሉ? መልሱም በወላጆች፥ በተማሪዎችና በመምህራን ኅብረት ጉባኤ ተጽፎ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ በቃል የተነገረ በችግር ቀን ይረሳልና። ከአንድ ቀበሌ የሚመጡ ሴቶች ልጆች በአንድነት ይሂዱ፤ ከእነርሱም አንዲቱ ብትቀር መምህሩ በዚያው ቀን ለቤቷ ይላክ። በከተማ ተከራይተው የሚኖሩትንም አከራዪቱ እንደ እናት እንድታያቸው በኪራዩ ጊዜ መነጋገር ነው።

ስለ በር ጠባቂውም አንድ ቃል። በብዙ ትምህርት ቤት ጥበቃው ካፖርት የለበሰ፥ ዱላ የያዘ ሽማግሌ ነው፤ የእያንዳንዱን ልጅ አባት በስም ያውቃል፥ እንግዳ ፊትም ከሩቅ ይለያል። ፖሊስ ይጨመርልን ብለን ለወረዳው ከማመልከታችን አስቀድሞ፥ የእኚህ ሰው ደመወዝ በወሩ ይከፈል እንደ ሆነ፥ በክረምት የሚጠለሉበት ጐጆም ያፈስ እንደ ሆነ ሄደን ብንጠይቅ ይሻላል።