አምስት ደቂቃ በወንጪ አፋፍ

ሾፌሩ ሚኒባሷን ከመንገድ ዳር አስጠግቶ «አምስት ደቂቃ!» አለን። ከወሊሶ ተነስተን ዳገቱን ስንያያዘው የተቀበለን ጭጋግ ገና አልተገፈፈም። ወርጄ ጥቂት እንደተራመድኩ ትንፋሽ አጠረኝ፤ የወንጪ ተራራ ጫፉ 3,386 ሜትር ነው፣ አፋፉም ቢሆን ከ3,000 አይወርድም። ለብርዱ አስቀድመው ያሰቡበት ጋቢ የደረቡት እናት ብቻ ነበሩ።

ጭጋጉ ድንገት ገለጥ አለ። ከታች ሐይቁ፣ በመሀሉ የቂርቆስ ገዳም ያለባት ደሴት፣ በዳር በዳሩ የገብስ ማሳና እንሰት። አንዱ ወጣት «እንዴት ያለ ሸለቆ ነው!» አለ። ሸለቆስ አይደለም። ተራራው በዘመኑ እሳት ሲተፋ ኖሮ፣ ከሥሩ ያለው የቀለጠ አለት ወጥቶ ሲያልቅ ደጋፊ አጥቶ ወደ ውስጥ የተናደ ነው። ጉድጓዱን ውሃ ሞላው፤ እዚያው አካባቢ የሚፈልቀው ፍልውሃ ደግሞ የሥሩ ሙቀት ጨርሶ እንዳልጠፋ ይመሰክራል። የቆምነው የእሳተ ገሞራ ከንፈር ላይ ነበር። ይህን ልነግረው ዞር ስል፣ ልጁ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩን ያስተካክላል። ከእኛ ውስጥ አብዛኛው እንደዚያው ነበር።

ፈረሶቻቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁ የአካባቢው ልጆች ጠጋ አሉ። ወደ ሐይቁ ወርዶ፣ በጀልባ ተሻግሮ ገዳሙን ተሳልሞ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ እኛ ያለን አምስት ደቂቃ ነው። ቅድም ሸለቆ ያለው ወጣት ግን አንዱ ፈረስ ላይ ወጣ፣ ግራና ቀኝ እየዞረ ፎቶ ተነሳ፣ ወረደና ሒሳብ ሲጠየቅ «አልሄድኩበትም እኮ!» አለ።

«አንተ ልጅ፣ ተቀምጠህበት የለም እንዴ?» አሉት ጋቢ የደረቡት እናት። እየተነጫነጨ ከኪሱ አወጣ።

በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ሲመርጥ፣ የመረጠው መንደሩን ነው፤ ፈረስ ስቦ፣ ጀልባ ቀዝፎ፣ እንሰት ፍቆ የሚያድረውን ሰው ጭምር። ከዚያ ወዲህ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ማረፊያም ተሠርቶለታል። እኛ ግን መንገዱ በተመቸን ቁጥር ቆይታችን እያጠረ የመጣ ይመስለኛል። ዱሮ ጭቃው ያሳድር ነበር። ዛሬ አፋፉ ላይ ቆመን፣ ምስሉን ወስደን፣ ለምሳ አምቦ እንደርሳለን። ለልጆቹ የምንተውላቸውን ደግሞ አየሁት።

ሾፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ አንዲት ሴት የጨረሰችውን ሃይላንድ ወደ ቁልቁለቱ ወረወረች። ሣሩ ላይ እየተንከባለለ ሄዶ አንድ የአስታ ቁጥቋጦ ሥር ቆመ። ባለፈረሱ ልጅ አንዳች ነገር አልተናገረም። ልጓሙን ለጓደኛው አቀብሎ፣ በእጁ ሣሩን እየጨበጠ ሊያመጣው ወረደ። እኛ ስንነሳ ገና አልተመለሰም ነበር።