ድሉ የአምስት ቡድን ነው

በፓይንሪጅ ቤዝቦል የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ብዙ አይደለም። ኳስ ሲባል ያው እግር ኳስ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2025 የቶሮንቶው ብሉ ጄይስ ሎስ አንጀለስ ላይ ያገኘው ድል የጨዋታውን ሕግ ለማያውቅ ወገን እንኳ ትምህርት አለው።

ዕለቱ የዎርልድ ሲሪስ አምስተኛ ጨዋታ ነበር። ቶሮንቶ ዶጀርስን 6 ለ 1 ረታ። ኳስ ወርዋሪው ትሬይ ዬሳቪጅ የ22 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ብቻውን 12 መቺዎችን በስትራይክ አሰናበተ። በዎርልድ ሲሪስ ታሪክ ይህን ያህል ያሰናበተ ጀማሪ ተጫዋች ከእሱ በፊት አልነበረም።

ልጁ ከየት መጣ? የዚያን ዓመት ውድድር የጀመረው በፍሎሪዳ፣ በክለቡ ዝቅተኛ እርከን በሚጫወተው የደንዲን ቡድን ነው። ከዚያ ወደ ቫንኩቨር፣ ቀጥሎ ወደ ኒው ሃምፕሸር፣ ቀጥሎም ወደ ባፋሎ ወጣ። ዋናውን ቡድን የተቀላቀለው በሴፕቴምበር ነው። በአንድ ዓመት አምስት ማሊያ ለበሰ ማለት ነው። አሜሪካኖች እነዚህን የበታች ቡድኖች «እርሻ» ይሏቸዋል። ስሙ በደንብ ይገልጻቸዋል፤ በደንዲን የተዘራው ሎስ አንጀለስ ላይ ታጨደ።

ነገሩን የሚያውቅ ደጋፊ ዋናው ቡድን ማሸነፉን ብቻ አይቶ ጋዜጣውን አያጥፍም። የበታቾቹንም ውጤት ይፈልጋል። አምስቱም በአንድ ቀን ካሸነፉ ለእሱ በዓል ነው። የዋናው ቡድን ድል የዛሬ ነው፤ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የበታቾቹ ውጤት ግን የነገውን ይናገራል።

ካልጋሪም ይህን ታውቃለች። ከ1985 እስከ 2002 ካልጋሪ ካነንስ የሚባል የበታች ቡድን ነበራት። ኤድጋር ማርቲኔዝ እዚህ እየተጫወተ በ1988 የሊጉ ምርጥ መቺ ሆነ፤ በ2019 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ። አሌክስ ሮድሪጌዝም በ1994 በዚሁ ከተማ ተጫውቷል። በአገር ቤትም በቆጂ አለች። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በትምህርት ቤት ሜዳ ልጆችን ባያስሮጡ ኖሮ እነ ደራርቱ ቱሉ፣ እነ ቀነኒሳ በቀለ የት በተገኙ ነበር?

እንግዲህ ወደ ፓይንሪጅ እንመለስ። በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የበጋ ውድድር በተቃረበ ቁጥር ወገን ስለ ትልልቆቹ ቡድን ያወራል። ለማሊያ፣ ለሆቴል፣ ለአውሮፕላን ገንዘብ ይዋጣል። አምበሉ ማን ይሁን በሚል ጓደኛማቾች ይኳረፋሉ። በቪሌጅ ስኩዌር አካባቢ ኳስ የሚያንከባልለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ማን ያሰለጥነዋል?

«ልጆቹ በከተማው ክለቦች ይመዝገቡ» የሚሉ አሉ። ጥሩ ነው፤ የሚችል ያስመዝግብ። ነገር ግን ክፍያው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ልምምዱም ሌሊት ታክሲ ከሚነዳ ወይም አዳር ከሚሠራ ወላጅ ሰዓት ጋር አይገጥምም። ደግሞም እዚያ የሚጫወተው ልጅ ኳስ ይማር እንደሆነ እንጂ ከሌላው የኢትዮጵያዊ ልጅ ጋር አይተዋወቅም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ለትልልቆቹ ከሚዋጣው ከእያንዳንዱ ሦስት ዶላር አንዱ ለልጆች ቡድን ይቀመጥ። ማሊያ የለበሰ ጎልማሳ ሁሉ በሳምንት አንድ ሰዓት ልጆች ያሰልጥን። ውጤት ሲለጠፍም የልጆቹ ከላይ፣ የአባቶቹ ከታች ይሁን።

ቶሮንቶ ኖቬምበር 1 ቀን 2025 ሰባተኛውን ጨዋታ ተሸንፎ ዋንጫውን አጣ። እርሻው ግን አልጠፋም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይዘራበታል። ዘሩን በልቶ የጨረሰ ገበሬ ግን ክረምት ሲገባ ሰማይ ሰማይ ቢያይ ምን ይጠቅመዋል?