ኦቶፋጂ ኪኒናችሁን አይተካም!



ሰሞኑን እዚህ ደምበጫ አንድ የደም ካንሰር ታካሚ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። «ዶክተር፣ ስንጾም ሰውነታችን ካንሰሩን ራሱ ይበላዋል ይላሉ። ታዲያ ኪኒኑን ባቆመውስ?» አለኝ። መልሱን ለሁላችሁም ልንገራችሁ፦ እንዳታቆሙ!

ኦቶፋጂ እውነት ነው። ሴል ያረጀ ዕቃውን ሰባብሮ መልሶ የሚጠቀምበት መንገድ ነው፤ ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል ተሸልመውበታል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የካንሰር ሴልም ይችልበታል።

ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያን እንውሰድ። 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ሲለዋወጡ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ይፈጠራል፤ ነጭ የደም ሴሎችም ያለልክ ይባዛሉ። ኢማቲኒብ፣ ብዙዎቻችሁ ግሊቬክ የምትሉት፣ ይሄን ፕሮቲን ያግዳል። ሴል እንዲህ ሲጨነቅ በውስጡ ካለው ጎተራ ካልሲየም ሊለቅ ይችላል። ይሄ ካልሲየም መልእክት ነው፦ አንዳንዴ «ሙት» ይለዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ «ያለህን እየበላህ ክፉ ቀንን እለፍ» ይለዋል። ሁለተኛው ኦቶፋጂ ነው። በላብራቶሪ ጥናት ኢማቲኒብ የተሰጣቸው የሉኪሚያ ሴሎች በዚህ መንገድ ሲተርፉ ታይቷል።

ለዚህም ነው ተመራማሪዎች ሃይድሮክሲክሎሮኪንን፣ ለወባ የምናውቀውን የክሎሮኪን ዘመድ፣ ከኢማቲኒብ ጋር የሞከሩት። ኦቶፋጂን ለመጨመር ሳይሆን ለማገድ! መደበኛ ሕክምና ስላልሆነ ግን ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትሞክሩት።

በኔ እምነት ግማሽ እውነት ከውሸት ይብሳል፣ ምክንያቱም ሳይንስ ይመስላል። ግሊቬክ በጥቁር አንበሳ በኩል በዓለም አቀፍ የእርዳታ ፕሮግራም ለብዙ ወገኖቻችን በነጻ ሲሰጥ ኖሯል። ከደምበጫ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ተኪዶ የመጣ ኪኒን በአንድ ቪዲዮ ሲቆም ያንገበግባል። በትክክል የወሰዱት ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ ያለ ሐኪም ክትትል ሲያቋርጡት ግን በሽታው ሊያገረሽ ይችላል።

ጾሙን አልቃወምም፣ እኔም እጾማለሁ። ኢማቲኒብ ከምግብና ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ጋር ነው የሚወሰደው። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የመዋጫ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉ። ወተት ወይም የካልሲየም ኪኒን ካነሳሁት ካልሲየም ጋር አይገናኝም።

ጾሙ ለነፍስ፣ ኪኒኑ ለሥጋ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ኪኒን ለሚወስድ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጤና ይስጥልን!